ከመጋቢት በኋላ የተገኘው ወርቅ

በሐምሌም ቢሆን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ አልተኛም። ማስተማር ካቆምኩ ሦስት ዓመት ቢሆነኝም ሰውነቴ የትምህርት ቤቱን ደወል አልረሳም። ወፍራም ካልሲ አደርጋለሁ፣ ሹራቤን እደርባለሁ፣ ወጥ ቤት ገብቼ መብራት አበራለሁ። ከሳህን ማጠቢያው በላይ ባለው መስኮት ላይ አንዲት ብልቃጥ ተቀምጣለች። አነሣትና ወደ ጎን አዘነብላታለሁ። ውስጧ ያለው ወርቅ በመስተዋቱ ላይ ሲንሸራተት ትንሽ ድምፅ አለው፤ ደረቅ አሸዋ ከእፍኝ ሲፈስ እንደሚሰማው ያለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማዘነብላት። መልሼ አስቀምጣትና ማንቆርቆሪያውን ውኃ እሞላለሁ።

ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ታምሲን በጓሮ በር ትገባለች። ታምሲን የልጄ የፈርገስ እጮኛ ናት። ሠርጋቸው ጥቅምት ላይ ነው፤ እስከዚያ ከግቢው ጀርባ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ፈርገስ የሜልበርንን ባቡር ለመያዝ በጨለማ ስለሚወጣ፣ ጠዋት ጠዋት የምንገናኘው እኔና እሷ ነን።

አንድ ረቡዕ ጠዋትም የሩጫ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ገባች።

«ዛሬ አልሮጥም» አለች፤ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ።

«ትናንትም እንዲሁ ብለሽ ሮጠሻል።»

«ትናንት ሰው ነበርኩ፣ ግሌኒስ። ዛሬ የተቀቀለ እንቁላልና ቅጠል ነኝ።»

የሩጫው ምክንያት የሠርግ ቀሚሱ ነው። ሱቁ ለማሳያ ሰቅሎት የነበረውን ቀሚስ በግማሽ ዋጋ ገዛችው፤ ቀሚሱ ግን የተሰፋው ለማሳያዋ አሻንጉሊት ነው። ዚፑ ጀርባዋ መሐል ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከሚያዝያ ጀምሮ በየጠዋቱ የከተማችንን ሐይቅ አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። እኔ እስከ ጀልባ ቤቶቹ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ። እየተነፈሰች ስታልፈኝ እጇን ታነሣለች፤ እኔም አነሣለሁ። ጥቋቁሮቹ የውኃ ዳክዬዎች ሁለታችንንም ከቁብ አይቆጥሩንም።

ሻዩን ቀዳሁላት። ስኳር የለውም፤ ወተትም የለውም። የሻዩን ኩባያ እንደ መድኃኒት ተመለከተችው።

ታምሲን ቀን ቀን የእንስሳት ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። ከዚያ ሌላ ለከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ «የሙሽራዋ ማስታወሻ» የምትባል አጭር ጽሑፍ ትጽፋለች። ረቡዕ ጠዋት ጽሑፉን ታመጣልኛለች፤ ታሪክ ያስተማርኩ ብሆንም ሠላሳ ዓመት የተማሪ ድርሰት ስላረምኩ ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ አውቃለሁ። ሐሙስ ይወጣል። የመጀመሪያው ስለ ሩጫ ነበር። «ሐይቁን ስዞር አንድ አዛውንት ከነውሻቸው ቀደሙኝ» ብላ ጽፋለች። «ውሻው ሦስት እግር ብቻ ነው ያለው። ይህን የምጽፈው ለማማረር ሳይሆን፣ አንባቢ የት እንዳለሁ እንዲያውቅ ነው።»

ሁለተኛው ስለ ናሙናዎቹ ነበር። የውበት ድርጅቶች ጋዜጣ ላይ እንደምትጽፍ ሲሰሙ ትንንሽ የቅባት ብልቃጦችና የክሬም ከረጢቶች በፖስታ ይልኩላት ጀመር። በጫማ ካርቶን ሞልታ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣቸዋለች፤ የሷ ክፍል ስለምትጠብ። በየቀኑ አንድ አንድ ክንዷ ላይ እየቀባች በእስክሪብቶ ቁጥር ትጽፍበታለች። ክንዷ የፈተና ወረቀት መስሏል። ሰባተኛው ቁጥር ቀልቶ አብጦ ነበር። «ከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ቆዳዬን የሕፃን መቀመጫ እንደሚያስመስለው ቃል ይገባል» ብላ ጻፈች። «ቃሉን ጠብቋል። ሕፃኑ ግን ሽፍታ ያለበት ነው።»

ሰው ይወድላታል። መንገድ ላይ ያስቆሟትና ክንዷን እንድታሳያቸው ይጠይቋታል። እሷ ግን ደክሟት ነበር። ድካሙን አውቀዋለሁ። ሌላው ስለሚስቅለት ሁሌ ማሳቅ ግዴታው በሆነ ሰው ላይ የሚመጣ ድካም ነው።

በዚያ ረቡዕ ጽሑፍ አላመጣችም።

«ስለ ቀለበት ነበር የምጽፈው» አለች። «ስድስት ሱቅ ዞርኩ። ሁሉንም አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ ይሄ ወርቅ ከየት ነው የመጣው፣ ማን ነው ያወጣው። አንዱ ‹ከአቅራቢ› አለኝ። አቅራቢውስ ስለው ‹ከሌላ አቅራቢ።› አንዷ ሴትዮ ‹ከጓዳ ነው የመጣው፣ የኔ ቆንጆ› አለችኝ። እውነቷን እኮ ነው።»

«እናትሽ ምን አለች?»

«‹ሕፃናት ጉድጓድ ገብተው ያወጡት ወርቅ ጣቴ ላይ አላደርግም› ስላት ‹ፈርገስን ነው የምታገቢው ወይስ ጉድጓዱን?› አለችኝ።» ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ አለቀ። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ፣ ከናሙናዎቹ መሐል አስደገፈች። «የምፈልገው ፈርገስን ነው፣ ግሌኒስ። ይሄን ሁሉ አይደለም። ቀለበቱ ይቅር። እውነቴን ነው፤ ይቅር።»

ከጀርባዋ ቆሜ ነበር። ገና የታጠበው ፀጉሯ ርሶ አንገቷ ላይ ተለጥፏል። ምን እንደማደርግ ሳላስብ እጄን ወደ መስኮቱ ዘረጋሁና ብልቃጧን ፊቷ አስቀመጥኳት።

«ይሄን ያወጣው ሰው ማንንም አልበደለም» አልኳት።

ባሌ ኔቪል ነው ያወጣው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦት ጫማውን አድርጎ፣ የወርቅ ማጠቢያ ገበቴውን ይዞ፣ ከከተማው ውጪ ባሉት ጅረቶች ይውል ነበር። የድሮዎቹ ቆፋሪዎች የተዉትን አሸዋ ያጥባል። አንዳንድ ቅዳሜ ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጥ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ጭቃ ብቻ። እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት አጠራቀመ። ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ከጅረቱ አልተመለሰም። ልቡ ነው አሉኝ።

ታምሲን ቀና ብላ ብልቃጧን አየች፤ አልነካቻትም።

«አይሆንም» አለች። «ይሄ ያንቺ ነው።»

«ለልጁ ቀለበት መሆኑን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።»

እውነት ነው፤ ደስ ይለው ነበር። ግን እሷ ተነሥታ ስታቅፈኝ፣ እርጥብ ፀጉሯ ጉንጬ ላይ ሲያርፍ፣ ከእጄ የወጣውን ነገር አወቅኩት። ማታ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ብዬ ቃሌን ማንሣት እችል ነበር። ታምሲን ግን ሥራዋ ከመግባቷ በፊት ጽፋ ልካዋለች፤ እንዳርመውም አላመጣችልኝም። ሐሙስ ዕለት ጋዜጣው ላይ አነበብኩት። «የቀለበታችን ወርቅ በሟቹ አማቴ እጅ፣ በሕጋዊ ፈቃድ፣ ከኛው ጅረት የወጣ ነው። ማንም አላለቀሰበትም።» ነጠላ ሰረዞቹ ቦታቸው ላይ ነበሩ።

በዚያ ሳምንት ገበያ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሰው አስቆመኝ። ሁሉም በየተራ ኔቪል በልጆቹ ጣት ላይ እንደሚኖር ነገሩኝ። አዎ አልኳቸው። ወተቴን ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ ፓስኮ ዘንድ ሄድን። ፓስኮ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ የሚሠራ ሽማግሌ የወርቅ አንጥረኛ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብልቃጧን በመብራት አየ።

«ጎበዝ ሰው ነበር» አለ። «ትዕግሥት ነበረው። እኔ ብሆን በሁለተኛው ቅዳሜ አሣ ማጥመድ ውስጥ እገባ ነበር።»

«አሣም ሞክሯል» አልኩት። «አሣዎቹ አልተባበሩትም።»

ሳቀ። ከዚያ ወረቀት አወጣ። በደል ከሌለበት ወርቅ ለሚሠራቸው ቀለበቶች ሁሉ፣ ወርቁ ከየት እንደመጣ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ለዚህም የቆፋሪው የወርቅ ፍለጋ ፈቃድና፣ ካለ፣ ያገኘበትን ቀን የጻፈበት ደብተር ያስፈልገዋል።

«ደብተሩ አለ» አልኩት። «ፈቃዱ ቦርሳው ውስጥ ነው።»

«እንግዲህ ከቦርሳው አውጪልኝ፣ እመቤቴ፤ እኔ አልደርስበትም።»

ታምሲን ወደኔ ዞር አለች። የኪስ ቦርሳው የት እንዳለ ታውቃለች። ፖሊሶቹ በቡናማ ወረቀት ከረጢት አድርገው የሰጡኝ ጊዜ ታች መሳቢያ፣ የጠረጴዛ ልብሶቹ ሥር አስገብቼዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የበዓል ጠረጴዛ ልብስ አላወጣሁም።

«ፈርገስ ያውጣው?» አለችኝ ቀስ ብላ፤ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ።

«እኔ አወጣዋለሁ» አልኳት።

እሑድ ታምሲንና ፈርገስ የሠርጉን አበባ ለማየት ሲሄዱ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የናሙናውን ካርቶን ወደ ጎን ገፋሁ። ቦርሳው ደርቆ ቅርጹን ይዟል። ውስጡ የቤንዚን ደረሰኝ፣ የቤተ መጻሕፍት ካርድ፣ የፈርገስ የልጅነት ፎቶ ነበር። ፈቃዱም ነበር። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀን አነበብኩ፤ መነጽሬን አድርጌ እንደገና አነበብኩ። ፈቃዱ የሚያበቃው ኔቪል ከመሞቱ ከአሥራ ሰባት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነበር።

ከፈቃዱ ሥር በአራት የታጠፈ ደብዳቤ አገኘሁ። ፈቃዱ ሊያበቃ ነውና ይታደስ የሚል ነው። ግርጌው ላይ በሱ እጅ፣ በእርሳስ፣ «ግሌን፣ ይሄን ታድሺልኛለሽ?» ይላል።

እኛ ቤት ወረቀት የኔ ነበር፤ ጭቃው የሱ። ቀኑን አስታውሰዋለሁ። የተማሪ ፈተና እያረምኩ ነበር፤ ከፊቴ ሃምሳ የሚሆን ወረቀት ተከምሯል። በሩ ላይ ቆሞ «ያቺን ፈቃድስ?» አለኝ። «አድሼዋለሁ» አልኩት፤ ዝም እንዲለኝ። ማታ ላድሰው ነበር። ማታ ረሳሁት። እሱ ደብዳቤውን አጥፎ ቦርሳው ከተተ፤ የተፈጸመ ነገር እንደሚቀመጥ።

ደብተሩን አወጣሁ። ኔቪል በየቅዳሜው ቀኑን፣ የጅረቱን ስምና ሚዛኑን ጽፏል። ከመጋቢት በፊት ያሉትን ደመርኩ፤ ዘጠኝ ነጥብ አራት ግራም። ከመጋቢት በኋላ ያሉትን ደመርኩ፤ ሁለት ነጥብ አንድ ግራም። ከዚያም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ሲመለሱ ሁሉን ወደ ከረጢቱ መልሼ ሻይ እያፈላሁ ነበር።

ሰኞ ለፓስኮ ደወልኩ። ፈቃዱን አገኘሁት አልኩት፤ ግን ቀኑ ጥቂት ያረጀ ነው።

«እኔስ አላረጀሁም?» አለኝ። «ቁጥሩን ነው የምገለብጠው። ቀን ለማንበብ ዓይኔ ደክሟል፣ እመቤቴ። ይዘሽው ነይ፣ እንጨርስ።»

ደግ ሰው ነው። ስልኩን ዘጋሁ። ነገሩ በዚያ ማለቅ ይችል ነበር፤ ማንም አይጎዳም። ጋዜጣው ላይ የወጣው ወጥቷል።

ረቡዕ ጠዋት ታምሲን ጫማዋን አንጠልጥላ ገባች። ብርዱ ጉንጯን አቅልቶታል።

«ዚፑ ሁለት ጣት ከፍ አለ» አለች። «ትንሽ ሥጋዬን አብሮ ይዞት ነው የወጣው፤ ግን ወጣ።» ኩባያዋን ወሰደች። «ፈቃዱ ተገኘ እንዴ? ፓስኮ ዛሬ ቢጀምር ደስ ይለዋል። አለ ልበለው?»

«አለ» ማለት አንድ ቃል ነው። እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ፣ እዚያው በር ላይ ለቆመ ሌላ ሰው፣ ከዚህ በፊት አንድ ቃል ተናግሬያለሁ።

ፈቃዱን ከሹራቤ ኪስ አወጣሁና ጀርባውን ገልብጬ ፊቷ አስቀመጥኩት።

አነበበችው። ክንዷ ላይ ያለውን ቁጥር በአውራ ጣቷ ታሸዋለች።

«ጊዜው አልፎበታል» አለች።

«አዎ። ከመጋቢት በኋላ ያለው ሁሉ ያለ ፈቃድ ነው።»

«ኔቪል ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። የታደሰ መስሎት ነበር።»

«ለምን መሰለው?»

«አድሼዋለሁ ስላልኩት» አልኳት።

አላቀፈችኝም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ። ተነሥታ ኩባያዬን ወሰደች፣ ሻዩን ደፋች፣ ትኩስ ቀዳችልኝ። ወተትና ስኳርም አደረገችበት። ከዚያ በራሷ ኩባያ ውስጥም ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመረች።

«ቀሚሱስ?» አልኳት።

«ቀሚሱ ዛሬ ይታገሥ።» አንድ ጊዜ ጠጣች። «ከመጋቢት በፊት ያለው ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ነጥብ አራት ግራም።»

«በሱ ነው የሚሠራው። ሌላው አይገባም።» ቀጥላም፣ «ጋዜጣው ላይ ‹በሕጋዊ ፈቃድ› ብዬ ጽፌያለሁ። ማስተካከያ መጻፍ አለብኝ። ትፈቅጂልኛለሽ?»

«ጻፊ።»

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጻፈችው። ከአማቷ ወርቅ ሁለት ግራሙ ፈቃዱ ካለፈ በኋላ የተገኘ እንደሆነ፣ እሱም ቀለበቱ ውስጥ እንደማይገባ። ፈቃዱ ለምን እንዳለፈ አልጻፈችም። አንድ ነጠላ ሰረዝ አስተካከልኩላትና መለስኩላት።

ፓስኮ ሲሰማ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«አርባ ዓመት ሠራሁ» አለ። «ወርቅ ቀንሱልኝ የምትል ሙሽራ ስትመጣ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ቀለበት ከዚህ ሲወጣ ቀጭን ነው የሚሆነው።»

«ይገርማል» አለች ታምሲን። «እኔ አራት ወር ሮጬ ያልቀጠንኩትን እሱ በአንድ ቀን ቀጠነ።»

ብልቃጧን ከፍቶ ወርቁን በሚዛኑ ሳህን ላይ አፈሰሰው። በአንድ ላይ ሲታይ እፍኝ ይሞላ የሚመስለኝ ነገር የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በትንሽ ማንኪያ እየቆነጠረ ወደ ሌላው ሳህን ያዛውር ጀመር።

«የትኛው ከመጋቢት በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደሆነ ማንም አያውቅም» አለ። «ሚዛኑን ብቻ ነው መጠበቅ የምችለው።»

«አንዱን አውቀዋለሁ» አልኩት።

የስንዴ ቅንጣት የሚያህል፣ አንድ ጎኑ የተጨፈለቀ እንክብል ነበር። ከሌሎቹ መሐል በጣቴ ለየሁት። የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለው እሱ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት፣ የመጀመሪያው ጅረት። ኔቪል ያን ቀን በቦት ጫማው ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ ነበር፤ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ሳልቆጣው ቀረሁ። ብልቃጧን ሳዘነብል ቀድሞ መስተዋቱን የሚመታው እሱ ነው።

ታምሲን ጣቴን አየች።

«እሱን አስቀሪው፣ ግሌኒስ» አለችኝ። «በሱ ልክ ከሌላው እንወስዳለን። ፓስኮ፣ ይቻላል አይደል?»

«ለኔ ሚዛን ሚዛን ነው» አለ ፓስኮ፤ ወደ ሌላ እያየ።

መፈለጉንስ ፈልጌ ነበር።

«ቀኑ ከመጋቢት በፊት ነው» አልኩ። «የናንተ ነው።» ገፋ አድርጌ ወደነሱ ሳህን አሳለፍኩት።

በጥቅምት ተጋቡ። የሐይቁ ዳር አረንጓዴ ነበር፤ ነፋሱ የወንበር ሽፋኖቹን ሁሉ ይገልብ ነበር። ቀሚሱ እስከ ላይ ተዘጋ፤ የታምሲን እናት ከጀርባዋ ቆማ «አትተንፍሺ፣ ልጄ፤ ስትፋቺ ትተነፍሻለሽ» ስትላት ሰምቻለሁ። ቀለበቶቹ ቀጭን ናቸው፤ ያምራሉ። ፈርገስ የሱን ሲያጠልቅ ትንሽ ታግሎታል፤ የጣቱ አንጓ የአባቱ ነው። ከሠርጉ በኋላ ሜልበርን ቤት ተከራዩ። የናሙናው ካርቶን እዚህ ቀርቷል። በየቀኑ አንድ ከረጢት እከፍታለሁና እጄን እቀባለሁ፤ ታምሲን ማክሰኞ ማክሰኞ ደውላ የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረስኩ ትጠይቀኛለች። ሰባተኛውን እንድዘለው ነግራኛለች።

አሁን በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነጋል። ተነሥቼ ካልሲዬን አደርጋለሁ፣ ወጥ ቤት እገባለሁ። ብልቃጧ መስኮቱ ላይ ናት፤ ከመጋቢት በኋላ የተገኘው ወርቅ ውስጧ አለ። ማንቆርቆሪያውን ከመሙላቴ በፊት እንደ ወትሮው አዘነብላታለሁ። ሁለት ግራም ደቃቅ ወርቅ መስተዋቱ ላይ ይጣበቃል እንጂ አይንሸራተትም። ድምፅ የለውም።